የወይዘሮ ዘርፌ ድድ

በቦርከና ባቡር ጣቢያ የቀኑ ሥራ የሚጀመረው በፈገግታ ነው። ጠዋት አንድ ሰዓት ሲሆን ስድስቱ የትኬት መስኮት ሠራተኞች በኋላ በር ይሰለፋሉ፤ ተራ በተራም ግድግዳው ላይ ካለችው ካሜራ ፊት ቆመው ጥርሳቸውን ያሳያሉ። ካሜራዋ ከመቶ ታርማለች። ሰማንያና ከዚያ በላይ ያገኘ መስኮቱ ይከፈትለታል። ያነሰበት አንዴ እንዲደግም ይፈቀድለታል፤ ደግሞም ከወደቀ ውሎው ጓዳ ነው። ጓዳ የሚሉት ከመስኮቶቹ ጀርባ በስስ ችፕውድ የተከለለውን የጠፉ ዕቃዎች ክፍል ነው። አሠራሩ ከመጣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል፤ በ2079 ዓ.ም. ይህን ሰምቶ የሚደነቅ ሰው የለም።

ሦስተኛው መስኮት የወይዘሮ ዘርፌ ይመር ነው። ዕድሜዋ ሃምሳ አራት፣ በመስኮቱ የቆየችው ሃያ ሁለት ዓመት። ለካሜራዋ ሰማንያ ስድስት ወይም ሰማንያ ሰባት የምታህል ፈገግታ ሰጥታ ትገባለች፣ ከዚያ በኋላ እስኪመሽ ድረስ ለማንም በከንቱ አትስቅም። ተሳፋሪዎቹ ግን የሚወዱት የእሷን መስኮት ነው። ሻንጣውን አይታ ብቻ ሰውየው ለሠርግ ይሂድ ለሐኪም ቤት ታውቃለች፤ ሐኪም ቤት ከሆነ ሳይጠይቃት መጸዳጃ ቤት አጠገብ ያለውን ወንበር ትቆርጥለታለች። መስኮቱን ትወደዋለች። ከባሏ ሞት በኋላ በሰዓቱ ከአልጋ ያስነሳት እሱ ብቻ ነበር።

ግንቦት ላይ አንድ መንገደኛ ደረጃው ላይ ዘይት ደፋ። ዘርፌ አዳልጧት በፊቷ ተደፋችና ሁለት የላይኛው የፊት ጥርሶቿ ረገፉ። አንዱን አነሳችው። ሌላውን የመጥረጊያው ማሽን ውጦት ሄደ።

በማግስቱ ካሜራዋ ሠላሳ አንድ ሰጠቻት።

የጣቢያው ኃላፊ አቶ ደምመላሽ ቢሯቸው አስጠሯት። እሳቸው ጥርሳቸውን ባሕር ማዶ ሄደው ያስተከሉ ሰው ናቸው። ጣቢያው ውስጥ የተተከለው ሁሉ «ነጭ ቁጥር አራት» የሚባለው ነው፤ ሁሉም ባንድ ላይ ሲስቁ አንድ ሰው ብቻ የሳቀ ይመስላል።

«ወይዘሮ ዘርፌ፣ አዝነናል» አሉ እየሳቁ። ሳያዝኑም ሲያዝኑም ይስቃሉ፤ ከንፈራቸው ከአዲሱ ጥርስ በላይ አይገጥምም። «አፍዎን እንዲያሟሉ ዘጠና ቀን ተሰጥቶዎታል። እስከዚያ ውጤትዎ ሳይታይ መስኮትዎ ላይ ይሠራሉ። ከዚያ በኋላ ግን በቋሚነት ጓዳ ነው።»

«እኔ ትኬት የምቆርጠው በእጄ ነው» አለች ዘርፌ፣ አፏን በነጠላዋ ጫፍ ሸፍና።

«ልክ ነዎት» አሉ አቶ ደምመላሽ፣ አሁንም እየሳቁ።

አገር ውስጥ ጥርስ መትከል ከቀረ ሠላሳ ዓመት ሊሆነው ነው። ማንም አልከለከለውም። ባሕር ማዶ ይረክሳል ተባለና ሰዉ ወደዚያ ጎረፈ፤ የአገሩ ሐኪሞችም አንድ በአንድ ወንበራቸውን እየሸጡ ሰው ላኪ ሆኑ። አሁን በየሐሙሱ አንድ ሙሉ አውሮፕላን ጎደሎ አፍ ይዞ ይሄዳል፣ እሑድ ሙሉ አፍ ይዞ ይመለሳል። ሲመለሱ ዘመድ አበባ ይዞ ይቀበላቸዋል። አሥር ቀን መናገር ስለማይፈቀድላቸው በእጃቸው ያመሰግናሉ። ይህንን ጉድ ስልጣኔ ብሎ የሚጠራው ሰው ብዙ ነው፤ ዘርፌ ግን «የበግ ሽኝት» ትለው ነበር፣ ተራው እሷ ዘንድ እስኪደርስ ድረስ።

መጀመሪያ የጠየቀችው እቴነሽን ነው። እቴነሽ የሁለተኛው መስኮት ሠራተኛ፣ የአሥራ አምስት ዓመት ጓደኛዋ ናት። በሁለቱ መስኮቶች መካከል እጅ የምታሳልፍ ክፍተት አለች፤ ዘወትር አራት ሰዓት ሲሆን በዚያች ክፍተት አንድ ፌስታል ቆሎ እየተቀባበሉ ይቆረጥሙ ነበር። የዛሬ ሁለት ዓመት እቴነሽ አንድ ጥርስ አሟት ሄደች፤ የላይም የታችም ተክላ ተመለሰች። ከዚያ ወዲህ ቆሎው የዘርፌ ብቻ ሆነ። ስትተክል በፈረመችው ውል አንቀጽ ሰባት ላይ ቆሎ፣ መፋቂያ፣ ሸንኮራና ጥሬ ሥጋ በስማቸው ተዘርዝረው ተከልክለዋል። ጥርሱ የነከሰውን ያውቃል፣ ለባለቤቱም ይናገራል፤ ባለቤቱ ማለት ክሊኒኩ ነው። ሦስት ጊዜ የተገኘበት ሰው ዋስትናው ይወድቃል። ዋስትናው የወደቀ ጥርስ በወሩ አመድ ይመስላል። ብልሽት አይደለም፣ ይኸም ውሉ ላይ ተጽፏል።

እቴነሽ አንዳንዴ ናፍቆቱ ሲጠናባት ሦስት አራት ፍሬ ምላሷ ላይ ታስቀምጥና እስኪርስ ጠብቃ ትውጠዋለች። የግራ ከንፈሯ ከሄደችበት ጊዜ ጀምሮ ደንዝዟል፤ ሻይ ሲፈስባት አይታወቃትም። ዘርፌ ምንም ሳትል በክፍተቷ እጇን አሳልፋ ትጠርግላታለች።

«እስቲ ንገሪኝ፣ ልሂድ?» አለቻት።

እቴነሽ ወዲያና ወዲህ ተመለከተች። ስለ ክሊኒኩ ክፉ መናገርም ዋስትና ያስጥላል። ጥርሱ ይስማ አይስማ የሚያውቅ ሰው የለም፤ ሊሞክረው የደፈረም የለም።

«በጣም ደስ ይላል» አለች እቴነሽ። «አገልግሎታቸው ጥሩ ነው። ሂጂ።»

«አንቺን እኮ ነው የጠየቅሁት።»

«ሂጂ አልኩሽ እኮ ዘርፊቱ» አለችና ፊቷን ወደ ተሳፋሪው መለሰች። ዘርፌ ተናደደችባት። የአሥራ አምስት ዓመት ጓደኛዋ እንደ ማስታወቂያ ነው ያናገረቻት።

የላኪው ቢሮ «ነጭ ጎህ የጥርስ ጉዞ» ይባላል። አስተናጋጁ ኢዮስያስ የሚባል፣ ሽቶው ከእሱ ቀድሞ የሚገባ ወጣት ነው። ዘርፌን ወንበር ላይ አስቀምጦ አፏ ውስጥ ብርሃን አበራ፤ ወዲያው ሙሉ አፏ ግድግዳውን ሞልቶ ታየ። የሁለቱ ጎደሎ ጥርሶች ቦታ በቢጫ ተከበበ። የቀረው የላይኛው ድዷ ሙሉ በሙሉ በቀይ ተከበበ።

«ውይ ማዘር!» አለ ኢዮስያስ። «ድድዎ ሞቷል እኮ።»

«ማን ማዘርህ አደረገኝ? ምን ሆነ ነው የምትለው?»

«ሞቷል። ይኸው ጠቁሯል። ማሽኑ ሙት ሥጋ ነው እያለ ነው።»

«ንቅሳት ነው» አለች ዘርፌ።

«ምን?»

«ንቅሳት! ድዴን ተነቅሼ ነው። እናትህ አልነገረችህም? የአገርህን ሴት አይተህ አታውቅም?»

የተነቀሰችው በአሥራ አራት ዓመቷ ነው። በዚያን ጊዜ የድድ ንቅሳት ከገጠሩ ጠፍቶ፣ ከተማ ውስጥ ደግሞ የኮረዶች ፋሽን ሆኖ ተመልሶ ነበር። ጓደኞቿ በማሽን ሲነቀሱ እሷን ግን የነቀሰቻት አክስቷ አሰለፈች ናት፤ በመርፌና በጥላሸት፣ ጭንቅላቷን በጉልበቷ መሃል ይዛ። ሳምንት ሙሉ እንጀራ መቁረስ አቅቷት ግፍ እንደተዋለባት አለቀሰች። ሲድን ጥርሷ በጥቁሩ ድድ ላይ ቦግ ብሎ ወጣ። ባሏ መጀመሪያ ያየው ፊቷን ሳይሆን ሳቋን እንደነበር እስኪሞት ድረስ ሲነግራት ኖሯል።

ኢዮስያስ በትዕግሥት አዳመጣት፤ ማዳመጥ የሥራው አካል ነው። «ገባኝ» አለ። «ግን ማሽኑ ላይ ንቅሳት የሚባል ቦታ የለም። ጤናማ፣ የታመመ፣ ሙት፤ ሦስት ነው ያለው። እዚያ ሲደርሱ ሙቱን ሥጋ ያነሡታል። በላዩ ያሉትም ጥርሶች አብረው ይነቀላሉ። አሥራ አራት አዲስ ይተከልልዎታል።»

«እነዚህ አሥራ ሁለቱ እኮ ደህና ናቸው።»

«ደህና ናቸው። የቆሙበት ነው ደህና ያልሆነው።»

«ሁለቱን ብቻ ትከሉልኝ።»

«ሁለት ብቻ ልዩ ትዕዛዝ ነው፤ ዋጋው የአሥራ አራቱን ሦስት እጥፍ ይሆናል። የሚያዋጣዎት ሙሉው ነው። ሆቴል አለበት፣ ትራንስፖርት አለበት፣ አንድ ቀን የባሕር ዳርቻ አለበት።»

ዘርፌ የባሕሩን ዳርቻ ስትሰማ ሳቅ አመለጣት። አፉን ከፍቶ ለሦስት ቀን የሚጠረብ ሰው በአሸዋ ላይ ሲንሸራሸር ታያት። ኢዮስያስ የሳቀችው ደስ ብሏት መስሎት ቀብድ መቀበያውን አቀረበላት። እሷም፣ እዚህ ላይ መዋሸት አያስፈልግም፣ ከፈለች። የቀራት ሰባ ቀን ነበር።

ከከፈለች በኋላ ነው ዶክተር ይርዳው ዘንድ የሄደችው። ዶክተር ይርዳው ወንበሩን ያልሸጠ የመጨረሻው የጥርስ ሐኪም ነው ይባላል፤ ከጫማ ጠጋኝ ሱቅ ጀርባ ባለች ክፍል ሰማንያኛ ዓመቱን ሊደፍን ተቃርቧል። አፏን በትንሽ መስታወት አየላት።

«ማነው የነቀሰሽ?»

«አክስቴ።»

«እጅ ነበራት» አለ ሽማግሌው። ከዚያ መስታወቱን አስቀምጦ የሚያውቀውን ነገራት። «ጥርስ መትከል ማለት አጥንት ውስጥ ብሎን ማሰር ነው። ሥራው ራሱ መጥፎ አይደለም። እኔም ስንቱን ተክያለሁ። ግን አጥንት ብረቱን እስኪለምደው ወራት ይፈልጋል። በመሃሉ ሰው እየተመላለሰ መታየት አለበት። እነሱ በሦስት ቀን ጨርሰው ይሸኙሻል። ከያዘልሽ እሰየው። ካልያዘስ? ቁስሉ የሚያመረቅዘው እዚህ፣ መፍቻው ያለው እዚያ።»

«እርስዎ ሊፈቱት አይችሉም?»

«አንዴ ሞክሬ ነበር። ብሎኑ ሌላ እጅ ሲነካው ራሱን ይቆልፋል። ሰውየው እያለቀሰ ተመልሶ በረረ። ነርቭ የተነካበት ደግሞ በረረም አልበረረም ያው ነው።»

ዘርፌ የእቴነሽ ከንፈር ታወሳት።

«ታዲያ ምን ላድርግ ዶክተር? መስኮቴን ይወስዱብኛል።»

«ስለ መስኮትሽ አላውቅም» አለ ዶክተር ይርዳው። «ስለ አፍሽ ከጠየቅሽኝ፣ አሥራ ሁለት ጤነኛ ጥርስ ማስነቀል ዕብደት ነው። ሁለት ተነቃይ ጥርስ ልሥራልሽ። ማታ አውልቀሽ ታስቀምጫለሽ፣ ጠዋት ታደርጊዋለሽ።»

ሠራላትም። ቆንጆ ነበር፣ ቀለሙ እንኳን ከሌሎቹ ጋር ተስማማ። አድርጋው ካሜራዋ ፊት ስትቆም አርባ አራት ሰጠቻት። ከሥሩ «ቁጥር የሌለው ጥርስ» የሚል ጽሑፍ ወጣ። አቶ ደምመላሽ ትከሻቸውን ነቅንቀው ሳቁ።

የቀረውን ጊዜ ዘርፌ ስትመዝን ሰነበተች። ማታ ማታ በምላሷ ጥርሶቿን አንድ በአንድ ትዳስሳለች። አሥራ ሁለቱም ቆመው ይጠብቋታል። ጠዋት ደግሞ መስኮቷን ትከፍታለች፤ መነጽሩን በሻሽ ያሰረው ሽማግሌ፣ በየሰኞው ለሕክምና የምትመላለሰው ልጅ፣ ሁሉም ወደ እሷ መስኮት ይመጣሉ። ጓዳ ውስጥ ማን ይመጣል? ፈራች። መስኮቱ ከተዘጋባት ጠዋት መነሣት እንደሚያቅታት በእርግጠኝነት ታውቅ ነበር። አንድ ቀን ትኬት እየቆረጠች እንባዋ መጣ፤ ተሳፋሪው ጥርሷን አሟት መሰለው።

ሰማንያ አንደኛው ቀን ሐሙስ ዋለና ሻንጣዋን ይዛ አውሮፕላን ጣቢያ ሄደች።

በመሸኛው አዳራሽ ሃምሳ ሰው ነበር። ለሁሉም ነጭ የአንገት ልብስ ታደለ። ከዚያ በአንድ ረድፍ አቁመው አፋቸውን አስከፈቱና «በፊት» የሚለውን ፎቶግራፍ አነሷቸው። ሃምሳ አዋቂ ሰው፣ አንዳንዱ ከነክራቫቱ፣ አፉን ከፍቶ ተሰልፎ ቆሟል። ማንም አላፈረም። ጎን ለጎን እየተያዩ «ስንት ነህ? እኔ ሃያ ስምንት ነኝ» ይባባላሉ፤ ብዙ የሚነቀልለት ሰው ይከበራል። አንዱ የባንክ ሠራተኛ ምንም ያልታመመ ጥርሱን ለማስነቀል እንደሚሄድ በኩራት ይናገር ነበር፤ ቀለሙ ስላልተስማማው። ዘርፌ ዙሪያዋን አየችና ናቀቻቸው። ከዚያ ነጩን የአንገት ልብስ እሷም እንዳደረገች ትዝ አላት፤ ራሷንም ናቀች።

ኢዮስያስ ውሉ የሚነበብበትን ሰሌዳ ይዞ መጣ። «የመጨረሻዋ ፊርማ ናት ማዘር። አውራ ጣትዎን እዚህ ላይ።»

ዘርፌ አነበበችው። «ሙት ሥጋዬ እንዲወገድልኝ ተስማምቻለሁ» ይላል።

«ሙት የሚለውን አጥፋውና ንቅሳት በልልኝ» አለችው።

«አይጠፋም። ማሽኑ ነው የሚጽፈው።»

«እሺ፣ አንተስ? አንተ በዓይንህ ስታየው ሞቷል?»

«እኔ ማየት አይጠበቅብኝም» አለ ኢዮስያስ። ይህን ያለው በክፋት አይደለም። እውነቱን ነው።

ዘርፌ ነጠላዋ ላይ የሰካችውን መርፌ ቁልፍ ፈታች። ላይኛውን ከንፈሯን በአንድ እጇ ገልባ መርፌውን ጥቁሩ ድዷ ላይ ወጋችው። አመማት። ልክ በአሥራ አራት ዓመቷ እንዳመማት ዓይኗ እንባ ሞላ። ወደ ሰሌዳው ጎንበስ አለችና ደሟ ጠብ አለበት፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ጠብታ፣ «ሙት ሥጋዬ» የሚለው ላይ።

«የሞተ ነገር ይደማል?» አለችው።

 ባንክ ሠራተኛው አፉን ዘጋ። ኢዮስያስ ኪሱን ዳብሶ መሐረብ አወጣና ሰሌዳውን ጠረገው፤ የሷን አፍ አልጠረገም።

«ማሽኑ ደም አይቆጥርም» አለ። «ቀለም ነው የሚቆጥረው። ይፈርማሉ ወይስ ወንበርዎን ለተጠባባቂ ልስጠው?»

«ስጠው» አለች ዘርፌ። «ቀብዱንም ሽቶ ግዛበት።»

ነጩን የአንገት ልብስ አውልቃ ትከሻው ላይ ጣለችበትና ደም እየተፋች ወጣች። ወንበሯን ለማግኘት ሁለት ተጠባባቂዎች ሲጋፉ ከኋላዋ ይሰማት ነበር።

በዘጠና አንደኛው ቀን ጠዋት ካሜራዋ ፊት ቆመች። ተነቃዩን ጥርስ ኪሷ ከታ፣ ከንፈሯን እስከ ድዷ ገልባ ጎደሎዋንም ጥቁሩንም አሳየቻት። ዘጠኝ አገኘች። በጣቢያው ታሪክ እንዲህ ያለ ዝቅተኛ ውጤት ተመዝግቦ አያውቅም። ሦስተኛው መስኮት ለአንዲት አዲስ ሠራተኛ ተሰጠ፤ ነጭ ቁጥር አራት። መነጽሩን በሻሽ ያሰረው ሽማግሌ መጥቶ መስኮቱን አየ፣ ትንሽ ቆመ፣ ትኬት ሳይቆርጥ ተመለሰ። ዘርፌ በጓዳው በር ስንጥቅ አየችው። መጥራት ፈልጋ ነበር፤ ከጓዳ ተሳፋሪ መጥራት ክልክል ነው። ያን ጊዜ የደረሰባት ነገር በደንብ ገባት፣ ተቀምጣም አለቀሰች።

ከዚያ ሥራዋን ጀመረች። ጃንጥላ፣ አንድ እግር ጫማ፣ የሕፃን ጡጦ። ከጥግ ያለውን ካርቶን ስትከፍት በመሐረብ የተጠቀለሉ ጥርሶች አገኘች፤ ሰባት ናቸው፣ ከነብሎናቸው፣ ሁሉም ነጭ ቁጥር አራት። ተሳፋሪ ወንበር ሥር የወደቁ ናቸው። የኔ ነው ብሎ የመጣ አንድም ሰው የለም፤ ጥርሴ ወለቀ ብሎ ማመልከት ዋስትና ያስጥላል።

አራት ሰዓት ሲሆን ፌስታሏን ፈታች። ገብስ ነው፣ ሱፍ የተቀላቀለበት፣ የዚያኑ ዕለት የተቆላ። እፍኝ ሙሉ አፏ ውስጥ ከተተችና በጎን ጥርሶቿ ቆረጠመችው። ችፕውዱ ስስ ነው። ማዶ ሲንጣጡ የነበሩት የትኬት ማሽኖች አንድ በአንድ ዝም አሉ። ዘርፌ እየሰሟት መሆኑ ታወቃት። አሁንም ቆረጠመች፣ ከዚያ የባሰ አድርጋ።

በሩ ተከፈተ። እቴነሽ ናት። ገብታ በሩን ዘጋችና ባለቤት የሌለው ሻንጣ ላይ ተቀመጠች። እጇን ዘረጋች። ዘርፌ አሁንም አልረሳችላትም ነበር፤ ቢሆንም ቆሎውን ዘገነችላት። እቴነሽ መዳፏ ላይ ያለውን ገብስ ለረጅም ጊዜ አየችው፣ ከዚያ መልሳ ፌስታሉ ውስጥ ጨመረችው።

«አትሂጂ ልልሽ ይገባኝ ነበር» አለች ድምጿን ሳትቀንስ። «አርደው ነው የላኩኝ። ፊቴን በግራ በኩል ስነካው የሌላ ሰው ፊት ነው የሚመስለኝ።»

ሁለቱም ጠበቁ። ምንም የተሰማ ነገር የለም። ጥርሱ ቢሰማም የሚታወቀው በወሩ ነው።

«ዘርፊቱ» አለች እቴነሽ። የደነዘዘው ከንፈሯ ላይ እንባዋ ወርዶ ተንጠለጠለ፣ እሷ ግን አልታወቃትም። «እስቲ ብዪው። ጮክ አድርገሽ ቆርጥሚልኝ።»

ዘርፌ እንባዋን በአውራ ጣቷ ጠረገችላት። ከዚያ አፏን ሞልታ ቆረጠመች፤ እቴነሽ ዓይኗን ጨፍና አዳመጠች። ከችፕውዱ ማዶ አንድ ተሳፋሪ ሁለተኛውን መስኮት ያንኳኳ ነበር፣ የሚከፍትለት ግን አልነበረም።